ለሀዲያ ተብላ የተገዛች መኪና

እኔ መኪና አልወድም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ኋላ ላይ ስለ ሙአዊያ መኪና የምለውን ሁሉ በጥላቻ ነው የተናገረችው እንዳትሉኝ ነው። ሙአዊያን ግን እንደ ወንድሜ ነው የማየው። አርዲቦ ሐይቅን ቁልቁል የሚያየው ቤቱና የእኔ ትንሽ ሱቅ በአንድ የቁልቋል አጥር ይዋሰናሉ። ሚስቱ ሀዲያ ከአጥሩ ወዲያ፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ያላማነው ሰው የለም፤ ሰው ሲያልቅብን ባሎቻችንን እናማለን። የእኔ ከሞተ ቆይቷል፤ እሱንም አልተውነውም።

ሙአዊያ ጅዳ ላይ ለረጅም ዘመን የሰው ቤት ሾፌር ሆኖ የኖረ ነው። የአሠሪው ልጅ አንዲት ትንሽ መኪና ነበረችው፤ ስለ እሷ ሲያወራ ሻዩ እፊቱ ይቀዘቅዛል።

«እትዬ ዙለይሃ፣ ስታዪያት ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ ምስኪን ነው የምትመስልሽ። አጭር ናት፣ ኋላዋ ቁርጥ ያለ። ስትረግጫት ግን፣ ወላሂ፣ ወንበሩ ጀርባሽን ይዞ ነው የሚወረወረው።»

«እኔ ጀርባዬን ለማንም አላስወረውርም» እለዋለሁ። ሀዲያ ትስቃለች፤ ስትስቅ ደግሞ ሳሉ ይነሳባታል። አስም ነበረባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ጭስ፣ አቧራ፣ ብርድ አይሆናትም። ሳሉ ሲጀምራት ሙአዊያ ወሬውን እመሀል ትቶ የምትስበውን ፓፍ ሊፈልግላት ይነሳል። ባል እንዲህ ሆኖ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ላይ አስመሳይ ነው ብዬው ነበር። አልነበረም።

ከስደት ተመልሶ፣ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜም አልፎ ትንሽ መለስ ሲል፣ ያቺኑ መኪና ካልገዛሁ አለ። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም ከተባለ በኋላ ነው ይህ ሁሉ። ከተሜው በኤሌክትሪክ ይሄዳል አሉ። እኛ ዘንድ መብራቱ ራሱ ጠፍቶ በሚከርምበት፣ መኪናውን ምን እንድናበላው እንደታሰበ አላውቅም። ብቻ ጁማ የሚባል የደሴ ደላላ ሁለት አገኘለት። አንድ ሰው ያስገባቸው፣ መልካቸው አንድ፣ መብራታቸው አንድ፣ ቀለማቸው ሳይቀር አንድ ዓይነት አመድማ የሆነ መንትዮች። ልዩነታቸው ሆዳቸው ውስጥ ነው። አንደኛዋ ቤንዚን፣ ሌላኛዋ ናፍጣ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሌላ ወሬ አጣ። ሐይቅ ከተማ ሻይ ቤት፣ መስጊድ በር ላይ፣ የቅሬያችን፣ የእድራችን ማለቴ ነው፣ ስብሰባ ላይ ሳይቀር ቤንዚንና ናፍጣ ሆነ። በቅሬያችን እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው ያለው፤ አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ይጣላል። ናፍጣን የያዘው አብተው ነበር። አብተው የደብተራ ልጅ ነው፤ አባቱ ለድጓ ቢያስቡትም እሱ የጭነት መኪና መሪ ላይ አደገ። በመስከረም የግሸን ተሳላሚ ሲያመላልስ ያየው ሰው አባቱ ያላገኙትን መንፈሳዊነት አገኘ ብሎ ያሾፍበታል።

«ናፍጣ ዳገት አይለምንም» ይላል አብተው። «ከታች ነው የሚስበው። ሰው ሞልተህ ወደ አምባሰል ስትወጣ ታየዋለህ። ደግሞ ነዳጅ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ቤንዚን ነው። ናፍጣ ለጭነቱም ለእርሻውም ሲባል ከየትም ብሎ ይመጣል።»

«ፍጥነቱስ?» ይለዋል ሙአዊያ።

«ፍጥነቱን የት ልትነዳው ነው? አህያው፣ በጉ፣ ባጃጁ፣ ኬላው፤ ሁሉም እመንገዱ ላይ ነው ያለው እኮ።»

ሙአዊያ ይህ ሁሉ አይጠፋውም። ልቡ ግን የለመደው ቤንዚኑን ነው፤ ድምፁን፣ ሲረግጠው እሺ ማለቱን። ጁማ ሁለቱንም ይዞልን ሲመጣ፣ ሞክረን እንወስን ተብሎ ወደ ውጫሌ ወጣን። እኔም አብሬ ሄድኩ። የውጫሌ ገበያ ቀን ስለነበር፣ እንኳን በነፃ፣ ጀርባዬን እያስወረወርኩም ቢሆን እሄድ ነበር።

ስንሄድ በናፍጣዋ ነው፤ ጁማ ቤንዚኗን ይዞ ከኋላ ተከተለን። አብተው ነዳ፣ እኔና ሀዲያ ከኋላ ተቀመጥን። እውነት ለመናገር ዳገቱን ማርሽ ሳይቀይር ነው የጨረሰው፤ ሰው የሞላባት መኪና አትመስልም ነበር። ሙአዊያ ከጎኑ ተቀምጦ፣ ማመን ሳይፈልግ፣ ራሱን ይነቀንቃል። ድምፅዋ ግን ቋቋቋ የሚል ነው፤ ጠዋት ሲያስነሷት ደግሞ ከኋላ ጥቁር ጭስ ቡልቅ አለ። ያ ጭስ ገና ከግቢው ሳንወጣ ሀዲያን ያዛት። እስከ ውጫሌ ድረስ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ሳለች። እንዳይታይባት ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር የምትስለው፤ ሙአዊያ ግን በፊት መስታወቱ አይቷታል።

ስንመለስ በቤንዚኗ ነው። ሙአዊያ ነዳ። ሲስቅ እንዲህ ያለ ጥርስ እንዳለው ያን ቀን ነው ያየሁት። መኪናዋ ሞተር ያላት አትመስልም፤ ዝም ብላ ትሄድና ሲረግጣት ትጮኻለች፤ እኔም አብሬያት እጮኻለሁ። ሀዲያ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትስል፣ ሻርፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ ሐይቅ ገባን።

ከመኪናው ወርደን ሁላችንም አፉን ስንጠብቅ ሙአዊያ ለአብተው እንዲህ አለው።

«እውነትህን ነው። ናፍጣዋ ትሻላለች። ጉልበቱም፣ ነዳጅ የመገኘቱም ነገር፣ ሁሉም አንተ እንዳልከው ነው። ግን ጭሱ ሀዲያን አሳላት።»

አብተው አልተከራከረም። ናፍጣዋን ራሱ ከአማቹ ጋር ሆኖ ገዛት። ሰፈሩም ስም አወጣላቸው፤ የሙአዊያ ዝምተኛዋ፣ የአብተው ለፍላፊዋ ተባሉ። በቅሬው ደንብ መኪና ያለው ሰው በሽተኛ ሲኖር ማድረስ ግዴታው ነውና፣ ወላዷንም የታመመውንም ሁለቱ በተራ ያደርሱ ጀመር። ድሮ በቃሬዛ ወርዶ መንገድ ዳር ይሞት የነበረ ሰው፣ አሁን ሐኪም ፊት ደረሰ። መኪና የማልወደው እኔ እንኳ ያንን ጊዜ ክፉ ነበር አልልም። ሀዲያ በዝምተኛዋ ፊት ወንበር ተቀምጣ ደሴ ለመድኃኒት ስትሄድ፣ ከሱቄ ፊት ስትደርስ እጇን እንደ ባለሥልጣን ሚስት ታውለበልብልኝ ነበር።

ከዚያ ቤንዚን ጠፋ።

አንዴ ይመጣል፣ ለሳምንታት ይጠፋል። ማደያው በር ላይ መኪናውና ባጃጁ አድሮ ይውላል። መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጡት ደግሞ ውሃ ይቀላቅሉበታል ይባላል። አብተው የተናገረው አንድም ሳይቀር ደረሰ። ናፍጣውም ቢሆን እንደልብ አይገኝም ነበር፤ ግን ይገኛል። ሙአዊያ በመኪናዋ ሰው የማመላለስ ሥራው ተቀዛቀዘ። እሱን ያስጨነቀው ግን ሥራው አልነበረም። አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ስኳር ይዞ ቆመና፣ «እትዬ፣ ሀዲያ ድንገት የተነሳባት ቀን መኪናዋ ደርቃ ባገኛትስ?» አለኝ። ስኳሩን ሳይወስድ ሄደ።

ያን ሳምንት፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ጀሪካን ሙሉ ቤንዚን አገኘ። ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዱዓ በሚያደርጉበት ዛፍ ሥር ጀሪካኑን ተሸክሞ መጣና እመሀል አቆመው።

«ነዝር ገብቻለሁ» አለ፤ ስለት ማለቱ ነው። «ይህቺ ጀሪካን የሀዲያ ናት። ሀዲያ የታመመች ቀን ካልሆነ በስተቀር ለሌላ ጠብታ አላወጣባትም። ዱዓ አድርጉልኝ።»

እኛ አገር ሰው በፍየል ነዝር ይገባል፣ በዳቦ ይገባል፣ ለወሊይ ምንጣፍ ይሰጣል። በቤንዚን ነዝር የገባ ሰው ግን ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅ። ሳቅ ያመለጣቸውም ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ግን እጃቸውን ዘረጉ፣ «አላህ ለክፉ ቀን አያድርጋት» አሉ፣ ሁላችንም አሚን አልን። በዚህ አበቃ። ነዝር አንዴ ከአፍ ከወጣ፣ አሚንም ከተባለበት፣ ማን ይነካዋል? ሙአዊያ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ብትደርቅ እንኳ ጀሪካኗን ዞር ብሎ አያያትም። ሰልፍ ይሄዳል።

ታዲያ የት ትቀመጥ? ውጭ ብትቀመጥ ትሰረቃለች። በመኪና ይዟት ቢዞር በጀሪካን ነዳጅ ይዞ መገኘት ያስይዛል። ከመኝታ ቤታቸው ጀርባ እህል የሚያስቀምጡባት ጠባብ ክፍል አለች፤ በመጋረጃ ብቻ የምትለይ። እዚያ አስገባት። ክዳኗ ላስቲኩ የወለቀ ስለነበር ፌስታል ጠቅልሎበት አጠበቀው።

ክረምቱ ገባና በርና መስኮቱ ተዘጋ። ሀዲያ እየባሰባት ሄደ። ሌሊት አትተኛም ይሉኛል፣ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ነው የምትወጣው። እኛም ምክንያት መደርደር እንችልበታለን፤ የሐይቁ ብርድ ነው ያለ አለ፣ የጤፍ ብናኝ ነው ያለ አለ፣ ዓይን ነው ያሉም ነበሩ፤ መኪና ስላላት ማለት ነው። ዱበርቶቹ፣ ዱዓ የሚያደርጉት ሴቶች፣ መጥተው ተቀመጡላት። ሙአዊያ በሰልፍ ባገኘው ቤንዚን ደሴ ወስዶ መድኃኒቱን አስቀየረላት። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ቆመን ስናወራ ከሻርፗ የሆነ ነገር ሸተተኝ።

«ሀዲያ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተኝ?»

«የሙአዊያ ልብስ ነዋ! ሾፌር አግብተሽ ሽቶ ልትፈልጊ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሳለች። እኔም ሳቅሁና ገባሁ።

ሙአዊያ ራሱ አይሸተውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፉ ሲስብ የኖረ ሰው፣ እንኳን ከመጋረጃ ጀርባ፣ ራሱ ላይ ቢያፈሱበትም የሚያውቀው ሲረጥብ ነው።

ነሐሴ ውስጥ፣ ከማለዳው ጀምሮ ዝናብ በያዘው ቀን፣ ቤንዚን ሐይቅ ገባ ተባለ። ሙአዊያ ዝምተኛዋን ሰው ጠርቶ እያስገፋ፣ ቁልቁለቱን በራሷ ክብደት እያወረዳት ሄደ፤ ጠብታ አልነበራትም። ጀሪካኗ ሙሉዋን እቤት ቀረች። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በማን ላይ እንደምናደድ ግን አላውቀውም።

ምሳ ሰዓት አካባቢ ልጃቸው ሰሚሃ በዝናቡ ውስጥ ሱቄ መጣች። አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ቆፍጣና ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን አፏ አልታዘዝላት አለ። «እማ፣ እማ» ብቻ። ሮጥሁ።

ሀዲያ መኝታ ቤቱ ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን አልጋው ላይ ተክላ ትንፋሽ ትፈልጋለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ፓፉን ደጋግማ ስባው ምንም አላላት። ገና በሩን ስሻገር ሽታው ዓይኔን አቃጠለው። የማደያ ጉድጓድ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። መስኮቱን በርግጄ ከፈትሁ፤ ዝናቡ ገባ።

ስልክ ደወልን። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል አሉን። ባጃጆቹ በሙሉ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ናቸው። ሙአዊያ ስልኩን ሲሰማ መኪናዋን በሯን እንኳ ሳይዘጋ ሰልፉ ላይ ጥሏት በእግሩ መሮጥ ጀመረ። የቀረን አብተው ነበር። እሱ እቤቱ ነበር፤ ለፍላፊዋን አስነስቶ እየጮኸች ኋልዮሽ ግቢ አስገባት፤ ጭሷ በዝናቡ ውስጥ ዝቅ ብሎ በሩ ላይ ተኛ። እኔና ሰሚሃ ሀዲያን በብብቷ ደግፈን ስናወጣት ቀና ብላ አየቻት።

«ለፍላፊዋ መጣች» አለች፤ በዚያ ትንፋሽ። ማሾፏን አልተወችም። አብተው ፊቱን አዞረ።

«አብሽሪ፣ ሀዲያ። አብሽሪ እህቴ። አሁን ነው የምንደርስ» አላት ሳያያት።

ሰሚሃን ለቤቱ ትተን እኔ ከሀዲያ ጋር ከኋላ ገባሁ። መንገድ ላይ ሙአዊያ በጭቃ ተለውሶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ዳገቱን ሲሮጥ አገኘነው። አብተው ከማቆሙ በፊት ሙአዊያ የኋላውን በር ይዞ ገባ፤ ገብቶም ከእኔ ተቀብሎ ጭንቅላቷን እጭኑ ላይ አደረገ፤ እኔ ወደ ፊት ወንበር ተሻገርሁ። ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ መርፌ ወጓት፣ አየር ሰጧት፣ ትንሽ ቀለል አላትና ፈጥናችሁ ደሴ አድርሷት አሉን። አብተው ነዳ። ናፍጣዋ ዳገቱን ማርሽ ሳትቀይር ወጣችው፣ ልክ እንደዚያ ቀን። መስኮቱን ከፍተን ነበር፣ ንፋስ እንድታገኝ። ጭሱም አብሮ ይገባል፤ እሷም ትስላለች።

ሙአዊያ ግንባሯን እየጠረገ፣ «ይሄ ጭስ ነው፣ ይሄ ጭስ ነው» ይላል።

ሀዲያ እጁን ያዘችው። የተናገረችው በአንድ ትንፋሽ አይደለም፤ ቃሉን እየቆረጠች፣ በየመሀሉ እያረፈች ነው። እኔ ከፊት ዞሬ አይ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ጀሪካኗን አውጣት» አለችው። «ሰሚሃም ሳል ጀምሯታል። ከቤት አውጣልኝ።»

ሙአዊያ አልገባውም። «የትኛዋን ጀሪካን?»

«የኔን። ሌሊት ሌሊት እሷ ናት የምታፍነኝ።»

 መኪናዋ ብቻ ነበረች የምታወራው። ከዚያ እንደ ልጅ ነው የጠየቃት።

«ታውቂ ነበር? ሀዲያ፣ ለምን አልነገርሽኝም? ወላሂ ወዲያው በደፋኋት ነበር እኮ።»

«ነዝር ገብተህባታል» አለች። «ደግሞ ለኔ ብለህ። ለኔ ያልከውን ነገር ሸተተኝ ልበልህ?»

ሌላ አልተናገረችም። ደሴ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ጭንቅላቷ እጭኑ ላይ ከበደ። ሙአዊያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ ላ ኢላሃ ኢለላህ ይልላት ነበር፤ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ፣ እኔ ተው እስክለው ድረስ። አብተው ዳር ይዞ አቆመ። ሐኪም ቤት እንግባ አልንና ገባን፤ እኛ ያወቅነውን ነገሩን። ሻርፗን ፊቷ ላይ አልብሰን መለስናት።

ያን መንገድ ያን ሁሉ ጊዜ ስንመላለስ፣ አንድ ቀን ሀዲያን እንዲህ ይዘን እንመለሳለን ብለን አልነበረም። አልቅሼ ደክሞኝ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ላይ ውሃ ቆሟል፣ ሰው ከገበያ ይመለሳል፤ ዓለም ምንም እንዳልሆነ ሆና ስትታየኝ ተናደድሁባት። ሐይቅ ስንደርስ ማደያው ጋ ሰልፉ አልተበተነም። ዝምተኛዋ በሯ እንደተከፈተ፣ ወንበሯ በዝናብ እንደራሰ ቆማለች፤ ከፊቷ የነበሩት ቀድተው ሄደው፣ ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ባለቤቷ መጥቶ ይቀዳል ብለው ቦታዋን ጠብቀውላት ነበር። ሙአዊያ ዞሮ አላያትም።

ወደ አርዲቦ የሚወጣው ዳገት ሲጀምር አብተው ረገጠው። ለፍላፊዋ ቋቋቋ አለች፣ ጥቁሩ ጭስ በተከፈተው መስኮት ተመልሶ ገባና እኔን ጉሮሮዬን ያዘኝ። ስስል አብተውም ሳለ። መስኮቱን ልዘጋ እጄን ስሰድ ሙአዊያ ከኋላ፣

«ተይው፣ እትዬ» አለኝ።

የሀዲያን ጭንቅላት በሁለት እጁ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ሲያዳምጣት ቆየ።

«አብተው» አለ በመጨረሻ። «እይ፣ ጭሱ አላሳላትም።»